ሥዕሉና ደጃፉ፦ ስለ ተፈጥሮና ስለ ጀብዱ የፊልም በዓላት ከለሚ ኩራ የተጻፈ ዳሰሳ

በላኤ ሰብእ የተባለው ሰው 78 ነፍስ በልቶ ሲያበቃ፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም አንድ ጥርኝ ውሃ በማጠጣቱ ከኵነኔ መዳኑን የሚናገረው ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተሥሎ ሳያይ ያደገ የደብር ልጅ አይገኝም። ሠዓሊው ይህን የሠራው ፊደል ያልቆጠረው ምእመን ተአምሩን በዐይኑ እንዲያነበው አስቦ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ ሲያስደንቀኝ የኖረው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም፣ ምእመኑ ያንን ጥርኝ ውሃና ውሃው የተመዘነበትን የነፍስ ሚዛን አይቶ፣ ተሳልሞ፣ ጫማውን አድርጎ ወደ ደጀ ሰላሙ ብቅ ሲል፣ በዚያው በእመቤታችን ስም እጁን ዘርግቶ የሚለምን ነዳይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ሥዕሉ በግድግዳው ላይ ይጀመራል፤ በደጃፉ ላይ ይፈጸማል። ደጃፉና ነዳዩ ባይኖሩ ኖሮ ያ ሁሉ ቀለም ያማረ ጌጥ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

ይህን ማስቀደሜ ስለ አንድ የዘመናችን ጉዳይ ለማተት ስለ ፈለግሁ ነው። ስለ ዓለመ ፍጥረት፣ ስለ ወንዝና ስለ ደን፣ በተራራና በገደል ላይ ስለሚፈጸመው የሰው ልጅ ተጋድሎ የተቀረጹ ፊልሞችን ሰብስቦ ለሕዝብ የሚያሳየው፣ ካሳየም በኋላ ተመልካቹን ለሥራ የሚያስነሣው የፊልም በዓል ከየት መጣ? ለእኛስ ምን ይበጀናል? በተለይም እኔ በምኖርበት በምሥራቁ የአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በለሚ ኩራ፣ ቢደረግ ምን መልክ ሊይዝ ይገባዋል?

ከእነዚህ በዓላት ሁሉ አንጋፋው እ.ኤ.አ. በ1952 በሰሜን ኢጣልያ በትሬንቶ ከተማ የተጀመረው የተራራ ፊልም በዓል ሲሆን፣ በካናዳ የባንፉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 ተከትሎታል። ሁለቱም የተወለዱት በተራራ ወጪዎች መካከል እንደ መሆኑ መጠን፣ አስቀድመው ያደንቁት የነበረው ገመዱን፣ በረዶውንና የሰውየውን ጽናት ነበር፤ ተራራው ራሱ መታመሙ ወደ ፊልሞቹ የገባው ቀስ በቀስ ነው። ለእኛ ጥያቄ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው ግን በካሊፎርኒያ የሚገኘው የዩባ ወንዝ ታሪክ ነው። የአካባቢው ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 በወንዙ ላይ ግድብ እንዳይሠራ ለመሟገት ማኅበር አቋቋሙ፤ 16 ዓመት ያህል ከደከሙ በኋላ በ1999 ደቡባዊው ዩባ በግዛቲቱ ሕግ ተጠብቆ እንዲኖር ተወሰነላቸው፤ «ዋይልድ ኤንድ ሲኒክ» የተባለውን የፊልም በዓላቸውን የጀመሩትም ከዚህ በኋላ በ2003 ነው፤ ስሙንም የወሰዱት ከዚያው ወንዝን ከሚጠብቀው ሕግ ነው። እኛ ግድባችንን በገዛ ጥሪታችን ሠርተን ያስመረቅን ሕዝብ ስለ ሆንን፣ የግድብ ተቃውሞ ለጆሯችን እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ይህን የጠቀስሁት ግን ስለ ግድቡ ሳይሆን ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ማኅበሩ በዓሉን ወለደ እንጂ በዓሉ ማኅበሩን አልወለደም። ተመልካቹ ፊልሙን አይቶ ልቡ ሲነካ፣ ስሙን የሚመዘግብበት ጠረጴዛ፣ ቅዳሜ የሚጸዳ የወንዝ ዳር፣ የሚፈርምበት አቤቱታ ከአዳራሹ በር ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር። ነዳዩ በደጀ ሰላሙ ተቀምጧል ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ተንቀሳቃሽ ሥዕል በኢትዮጵያ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚጠራጠር ሰው ካለ፣ የ1966 ዓ.ም.ን ነገር ያስታውስ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የነበረውን ረኀብ ቀርጾ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ፤ ያው ፊልም፣ ከቤተ መንግሥት የግብር ትርኢቶች ጋር እየተቆራረጠና እየተቀጣጠለ፣ በ1967 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዕለት ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለሕዝብ ታየ፤ በማግሥቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በዓለም ላይ የመንግሥትን ለውጥ እንዲህ በአንድ ሌሊት ያጀበ ፊልም ጥቂት ነው። ሆኖም ረጋ ብዬ ሳስበው፣ ያ ፊልም ቁጣን አስነሣ እንጂ የተራቆተውን ተራራ አላለበሰም፤ ምንጩ ለምን ደረቀ፣ አፈሩ ወዴት ሄደ የሚለውን ጥያቄ ለመጠየቅ ጊዜም ልብም አልተገኘም፤ ስለዚህም 10 ዓመት ብቻ ቆይቶ ያው መከራ በዚያው ምድር ላይ ተመለሰ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክ የተባለው ጋዜጠኛ በመሐመድ አሚን ካሜራ የተቀረጸውን የኮረምን ንጋት ለቢቢሲ ተመልካቾች አቀረበ፤ ዓለም አለቀሰ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ በለንደንና በፊላደልፊያ በአንድ ቀን ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተደርጎ ለረኀቡ ገንዘብ ተሰበሰበ።

ለተደረገልን ርዳታ ምስጋና ይገባል፤ ብዙ ሕይወት ተርፏል፤ ይህን የሚክድ ውለታ ቢስ ነው። ነገር ግን ከዚያ ሥዕል ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሥዕሉን አላዩትም። እነርሱ በሜዳው ላይ በብርድ ተኮራምተው ሳለ ምስላቸው ባሕር ተሻግሮ የሩቁን ሰው እጅ አንቀሳቀሰ፤ በቅርቡ ያለው፣ መሬቱንም ዝናቡንም የሚያውቀው ገበሬ ግን የመታዘኛ ምልክት ከመሆን በቀር ከፊልሙ አንዳች አልደረሰውም። የተፈጥሮ ፊልም በዓል በኢትዮጵያ ሲታሰብ መነሻው ይህ ቁስል ሊሆን ይገባዋል ብዬ የማምነው ስለዚህ ነው፤ ሥዕሉ የሚሠራው፣ በሥዕሉ ውስጥ ያለው ሰው ከሥዕሉ ፊት ሲቀመጥ ነው።

የእኛው የፊልም ሊቃውንት ይህን ቀድመው ተረድተውታል። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ውስጥ ማረሻውና ጭቃው፣ ረጅሙ መንገድና የበሬው ትንፋሽ ራሳቸው ተናጋሪዎች ናቸው። ያሬድ ዘለቀ በ2007 ዓ.ም. ለካን የፊልም በዓል ያበቃው «ላምብ» ደግሞ፣ እናቱን በድርቅ ዘመን ያጣ ኤፍሬም የተባለ ሕፃን ከአንዲት በጉ ጋር ያለውን ፍቅር ይተርካል፤ ስለ አየር ንብረት አንድም ስብከት ሳይሰብክ፣ ዝናብ መቅረቱ በአንድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያፈርስ ያሳያል። ጄሲካ በሽር በ«ፋያ ዳዪ» የሐረርን ጫት በጥቁርና ነጭ ምስል አሳይታለች። እነዚህ ሦስቱ ለተፈጥሮ ተብለው የተሠሩ አይደሉም፤ እኔ ግን የአንድ በዓል አዘጋጅ ብሆን በመጀመሪያው ሌሊት ከሦስቱ አንዱን አሳይ ነበር፤ ስብከት የሰለቸው ጆሮ የሚከፈተው በታሪክ ነውና።

በግልጽ ለክርክር የተሠሩትም አሉ። ማርክና ኒክ ፍራንሲስ የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት «ጥቁር ወርቅ»፣ የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን መሪ የነበረውን ታደሰ መስቀላን እየተከተለ የገበሬው ፍሬ በሩቅ አገር ገበያ ምን ያህል እንደሚሸጥ፣ ለገበሬው ግን ምን ያህል እንደሚደርሰው አሳይቷል፤ ፊልሙ በየአገሩ ይታይ የነበረውም ኢትዮጵያ የይርጋ ጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ቡና ስም በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በምትከራከርበት ሰሞን ነበር። «የሞተ አህያ ጅብ አይፈራም» ከሚለው ተረታችን ስሙን የወሰደው የዮአኪም ዴመር ፊልም (እ.ኤ.አ. 2017) ስለ ጋምቤላ መሬት ለባለሀብት መሰጠት ይሟገታል። በጎውን የሚያሳየው ደግሞ የጆን ሊዩ ፊልም ነው፤ በቻይና የሎዝ አምባ የተራቆተ መሬት እንዴት እንደ ዳነ ካሳየ በኋላ ወደ ትግራይ ተሻግሮ የአብርሃ ወአጽብሓ ቀበሌ ሰዎች በእርከንና በጉድጓድ ምንጫቸውን እንዴት እንዳስመለሱ ያስረዳል፤ ይህችው ቀበሌ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማት ተሰጥቷታል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የያዘው ግን አጭሩ ነው። ጄረሚ ሳይፈርት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣውና 10 ደቂቃ እንኳ የማይሞላው የቤተ ክርስቲያን ደኖች ፊልም፣ ካሜራውን ከሰማይ ወደ ታች አድርጎ የጎጃምንና የጎንደርን ምድር ያሳያል፤ ሁሉም ታርሶ ነጣ፣ ቀላ ብሏል፤ በመካከሉ ግን እንደ ማኅተም የተጣሉ ክብ ክብ አረንጓዴዎች ይታያሉ፤ በየክቡ እምብርት ላይም የደብሩ ጣሪያ ያበራል። የደን ሳይንስ ሊቁ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በፊልሙ ውስጥ የሚናገሩት፣ ካህኑም ተመራማሪውም በአንድ ቃል የሚስማሙበትን ነገር ነው፤ ዐፀዱ የቤተ መቅደሱ ልብስ ነው፤ ልብሱ ሲገፈፍ ታቦቱ ይራቆታል። ከዚያም የደብሩ ሰዎች ከእርሻቸው የለቀሙትን ድንጋይ እየካቡ በደኑ ዙሪያ አጥር ሲሠሩ ይታያል፤ ከብቱ አይገባም፤ ችግኙ ከእግር ያመልጣል፤ አልፎ አልፎም ክቡ ጥቂት እየሰፋ ይካባል። ሥራው ከፊልሙ በፊት የነበረ ነው፤ ፊልሙ ያደረገው ሥራውን ለሌላው ደብር ማሳየት ነው። ለእኔ ከፊልም የሚጠበቀው አገልግሎት ይህ ነው።

ስለ ጀብዱው ክፍል ጥቂት ልበል። ዓባይ ከጥንት ጀምሮ የውጭ አገር ጀብደኞችን ሲጠራ ኖሯል፤ እንግሊዛዊው መኮንን ብላሽፎርድ ስኔል እ.ኤ.አ. በ1968 በንጉሠ ነገሥቱ ጥያቄ ጓዙን ሁሉ ይዞ ወርዶበታል፤ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ደግሞ ከታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. ጀምሮ ከሰከላ ተነሥተው በ114 ቀን እስክንድርያ ደርሰዋል፤ ጉዟቸውም በታላቅ ሸራ ላይ የሚታይ ፊልም ሆኗል። ፊልሙ ያማረ ነው፤ አዞውም ፏፏቴውም ያስፈራል። ይሁን እንጂ በዳር ላይ ቆሞ ጀልባይቱን የሚያየው እረኛ፣ ያንን ወንዝ በየሳምንቱ ለገበያ በታንኳ የሚሻገረው ነጋዴ፣ ከጀብደኞቹ መካከል አልተቆጠረም። በአገራችን ደብረ ዳሞን ለመሳለም በጠፍር ገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣው መነኵሴ፣ አቡነ የማታ ጎህ ለመድረስ በባዶ እግሩ ገደሉን የሚቧጥጠው ካህን፣ ግሸንን ሊሳለም ቀናት የሚጓዘው ምእመን የተጋድሎን ትርጉም ለማንም የሚያስተምር ነው። የበቆጂን ሯጭ ሴት ልጆች የተከተለው የጄሪ ሮትዌል ፊልም (እ.ኤ.አ. 2012) ጥሩ የሆነው የእነዚያን ሴት ልጆች ትንፋሽ ከመንደራቸው ጭቃና ከጠዋቱ ጉም ሳይለይ ስላሳየ ነው። ስለዚህ የጀብዱ ፊልም በእኛ በዓል ላይ ቦታ ይኑረው ስል፣ ጀብደኛው የምድሪቱ ልጅ ይሁን ማለቴ ነው።

ወደ አዲስ አበባ የፊልም በዓላት ስንመጣ፣ ከባዶ የምንነሣ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው የአዲስ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ዘጋቢ ፊልምን ለከተማው ሕዝብ አስለምዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የዓባይ ቀለማት የተባለው በዓል የአፍሪካን ፊልሞች በዚህችው ከተማ ሰብስቧል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ትርኢት በገጠር የሚደረገው ነው። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ፣ አንድ ገበሬ ጤፉን በመስመር ሲዘራ እዚያው ቀበሌው ውስጥ ይቀርጸዋል፤ ከዚያም የልማት ሠራተኛው በመዳፍ የምትያዝ በባትሪ የምትሠራ ፕሮጀክተር ይዞ ማታ በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ ለጎረቤቶቹ ያሳያቸዋል። ተመራማሪዎች ይህን በጥናት መዝነው፣ ቪዲዮውን ያዩት ገበሬዎች ካላዩት ይልቅ አዲሱን ዘዴ አብልጠው እንደ ተቀበሉ አረጋግጠዋል። ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነው፤ በግድግዳው ላይ የታየው ሰው አብሯቸው ቡና የሚጠጣው ጎረቤታቸው ነው፤ «እርሱ ካደረገው እኔስ ምን ያቅተኛል» ያሰኛል። በጎረቤታችን በኬንያም ኪሲሉ ሙስያ የተባለው ገበሬ ካሜራ ተሰጥቶት የራሱን ቤተ ሰብና የራሱን ማሳ ለዓመታት እየቀረጸ፣ ጎርፉንና ድርቁን ለዓለም አሳይቷል፤ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቷል፤ ኪሲሉም በመንደሩ ገበሬዎችን አስተባብሮ ዛፍ የሚያስተክል መሪ ነው።

አሁን ስለ ለሚ ኩራ። ክፍለ ከተማችን በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ 11ኛ ሆኖ የተቋቋመ ነው፤ ቀላል ባቡሩ በምሥራቅ የሚቆመው በእኛው በአያት ነው፤ ሰሚት፣ ሲኤምሲ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ የሚባሉት ሰፈሮች ሁሉ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከጤፍና ከስንዴ ማሳ ተነሥተው ኮንዶሚኒየም የሞላባቸው ናቸው። ከኮረብቶቹ የሚወርዱት ጅረቶች ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ፤ ክረምት ሲሆን ከአያት የተጣለ ፌስታል በአቃቂ ጓሮ ይገኛል። የምሥራቁን ዳርቻ ነገር ከሁሉ አጣፍጦ የተረከው ሞ ስካርፔሊ የሠራችውና በ2011 ዓ.ም. በበርሊን የፊልም በዓል ላይ የታየው «አንበሳ» ነው። አሳልፍ የተባለ የ10 ዓመት ልጅ፣ ከእናቱ ጋር ከእርሻቸው ተነሥተው በከተማው ዳርቻ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ይኖራሉ፤ ሌሊት ጅብ ይጮኻል፤ ቀን ሲሚንቶው እየቀረበ ይመጣል፤ ልጁም በሐሳቡ አንበሳ እየሆነ ይመክታል። እንዲህ ያለው ፊልም በበርሊን ከታየ፣ በአያትና በአባዶ አደባባይ በነፃ መታየት አለበት፤ በፎቁ ውስጥ የምንኖረው እኛ፣ ከፎቁ በፊት የነበረውን ሕይወት የምናይበት መስኮት ነውና።

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ማታ፣ የግቢያችን ወጣቶች በኮሙናሉ ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ወጠሩ። ፕሮጀክተሩ ከአንድ መምህር በውሰት የመጣ ነው፤ ድምፅ ማጉያውን ሠርግ የሚያጅብ ጎረቤታችን አመጣው፤ ወንበር ስላልበቃ ልጆቹ ውሃ በፈረቃ የሚቀዳባቸውን ጀሪካኖች ገልብጠው ተቀመጡ፤ እናቶች ቡናና ፈንዲሻ ይዘው ወረዱ። አስቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ደኖቹ ፊልም ታየ። ቀጥሎ ወጣቶቹ ራሳቸው በስልክ የቀረጹት የጥቂት ደቂቃ ነገር መጣ፤ ከግቢያችን አጥር ጀርባ ያለው፣ እኛ «ቱቦው» የምንለው ቦይ ነው፤ ካሜራው ዝቅ ብሎ በውሃው ላይ ሲሄድ ሃይላንዱ፣ ፌስታሉ፣ የሕፃን ዳይፐሩ፣ አንድ የተጣለ ጫማ በየተራ አለፈ፤ ልጆቹ የሚያውቁትን ነገር በሸራ ላይ ሲያዩ ሳቁ፤ ቀጥሎ ዝም አሉ። በዚህ መካከል መብራት ጠፋ።

ሰው ይበተናል ብዬ ጠብቄ ነበር። ነገር ግን ከበሩ አጠገብ በጋቢ ተጠቅልለው የቆሙት የግቢያችን ጥበቃ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት በዚሁ መሬት ላይ ያርሱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በጨለማው ውስጥ ድምፃቸው ተሰማ። «ይህ እናንተ ቱቦ የምትሉት ውሃ ስም አለው» አሉ፤ ስሙንም በኦሮምኛ ጠሩት። አንዲት ልጅ «አባባ፣ ይጠጣ ነበር?» ብላ ጠየቀች። «በሬዎቼ ይጠጡ ነበር፤ እኔም ጎንበስ ብዬ በጥርኜ እጠጣ ነበር፤ ሾላው እዚያ ጋ ነበረ፣ መኪና የምታቆሙበት።» ልጆቹ የጅረቱን ስም እየተቀባበሉ ደጋገሙት። መብራቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጣ፤ ፊልሙም ከቆመበት ቀጠለ፤ ነገር ግን ብዙው ሰው ፊቱን ወደ አንሶላው ሳይሆን ወደ ጓሮው አጥር መልሶ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ 20 የምንሆን ሰዎች ማዳበሪያ ይዘን ወርደን ጠረግነው፤ ሃይላንዱን ቁራሌው በኪሎ ወሰደው። የሆነውን ሳልደብቅ ልናገር፤ ክረምቱ ሲመጣ ቦዩ ዳግመኛ ሞላ፤ ከእኛ በላይ ካሉት ሰፈሮች የሚወርደውን እኛ ብቻችንን ልንችለው አልቻልንም። የፌስታል መከልከያ ሕግ በ2017 ዓ.ም. መውጣቱ እሰየው የሚያሰኝ ነው፤ ሕጉ ከቦዩ እስኪደርስ ግን ከላይኛው ግቢና ከታችኛው ግቢ መካከል የሚመላለስ ቃል ያስፈልጋል። ስለዚህ እኔ የማስበው በዓል በአንድ አዳራሽ ተወስኖ የሚቀር አይደለም። ታቦት ከመንበሩ ተነሥቶ ወደ ጥምቀተ ባሕር እንደሚወርድ፣ ሸራውም ከኮረብታው ግርጌ ተነሥቶ ጅረቱን ተከትሎ ከግቢ ወደ ግቢ፣ ከአያት እስከ አቃቂ፣ በየሌሊቱ አንድ ምዕራፍ ይውረድ፤ በላይኛው ሰፈር የተቀረጸው በታችኛው ሰፈር ይታይ፤ የታችኛው ሰው ቅሬታ በላይኛው ሰው ግድግዳ ላይ ይናገር። በየሌሊቱም በሩ ላይ አንድ የተወሰነ ሥራ ይጠብቅ፤ ቅዳሜ የሚጠረግ ስንት ሜትር፣ የሚተከል ስንት ሾላና ስንት ወይራ፣ ማን ውሃ እንደሚያጠጣው በስም የተጻፈ። በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በተነገረባት አገር፣ የጎደለን የመትከል ወኔ አይደለም፤ የጎደለን በሦስተኛው ዓመት ተመልሶ ችግኙን የሚያይ ዐይን ነው፤ ካሜራ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው። በያንዳንዱ ዓመት በዓል ላይ ያለፈው ዓመት ችግኝ የት እንደ ደረሰ፣ የደረቀውም ከነምክንያቱ፣ ይታይ።

ትልቁ አዳራሽስ? በዚሁ በምሥራቁ በኩል በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ ዓለም አቀፍ ኮንቬንሽን ማዕከል፣ ከጳጉሜን 3 እስከ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ሁለተኛውን የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ አስተናግዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2027 ደግሞ 32ኛው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ በአገራችን እንዲደረግ ተወስኗል። መሪዎችና ሊቃውንት በዚያ ሲሰበሰቡ፣ ከእነርሱ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚወርደውን ጅረት በፊልም እንኳ ሳያዩት ቢመለሱ የሚያሳዝን ይሆናል። እኔ የምመኘው የመዝጊያው ሌሊት በዚያ አዳራሽ እንዲሆን ነው፤ ጅረቱን ተከትለው የተቀረጹት የየግቢው አጫጭር ፊልሞች ተሰብስበው፣ የቀረጿቸው ልጆችም በፊተኛው ወንበር ተቀምጠው፣ ለጉባኤተኛው ይታዩ። እስከዚያ ድረስ ሁለት ዝናብ አለን፤ በሁለት ዝናብ ብዙ ይሠራል።

ይህን ሐሳብ ለግቢያችን ጥበቃ ባጫወትኋቸው ጊዜ ስለ አዳራሹም ስለ ጉባኤውም ብዙ አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ልጆቹ ጅረቱን የቀረጹት በየትኛው ወር እንደ ነበረ ነው። «በኅዳር» አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «በኅዳር የታመመ ሰው ነው፤ መልኩን አታገኙትም» አሉኝ፤ «በነሐሴ፣ ከሌሊቱ ዝናብ በኋላ በማለዳ ኑ። ድልድዩ ጋ እኔ እቆምላችኋለሁ፤ የት የት እንደሚሞላ አሳያችኋለሁ።»